አርባዋን ሃምሳ ያላት ሰው

በዚያ ሰፈር መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከማዘጋጀቱ በፊት የእሱን ደጅ ይጠናል። "ሊቁ" ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ሾፌሮች እየቀለዱበት ነበር፤ እሱ ግን ቀልዱን ለእነሱ ትቶ ስሙን ወሰደ። ጸጉሩ የሸበተው የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት መኪና ሲነዳ ነው። አሁን መሪውን ለቆ እዚያው ግቢ ስምሪት ክፍል ተቀምጧል፤ ማን የትኛውን መኪና ይዞ ወዴት እንደሚሄድ የሚመድበው እሱ ነው። መካኒክ አይደለም። እንዲያውም ብሎን ሲፈታ ያየው የለም። ዝናው ሁሉ ዓይኑ ነው።

ምርጫው ሥርዓት አለው። መጀመሪያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቤት ሊከራይ እንደመጣ ሰው፣ መኪናዋን ቀስ ብሎ ይዞራታል። ቀጥሎ ላሜራውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፤ በስቱኮ የተደፈነ ቦታ ካለ ድምፁ ይታፈናል። ሞተር ያስነሳና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዞ ያሸታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚናገረው አንዲት ቃል ናት፤ ወይ "ግቡበት" ይላል፣ ወይ "ተዉት"። "ተዉት" ያላትን መኪና ያ ሰፈር በነጻ ቢሰጡትም አይወስዳትም።

ታዲያ ይህ ሰው አንድ የደበቀው ነገር ነበረው። ከመሪው የተነሳው ለሁሉም እንዳወራው እድገት አግኝቶ አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ ሾፌሮቹን ሲያስመረምር "ዓይኑ ደክሟል" ተባለ፤ መነጽርም ታዘዘለት። መነጽሩን በጨርቅ ጠቅልሎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞት ይዞራል። የሚያደርገው መኝታ ቤት በሩን ዘግቶ ነው፤ ሚስቱ እንኳ ድንገት ከገባች ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ዝናው ዓይን የሆነ ሰው "ዓይኔ ደከመ" ብሎ ምን ሊቀረው? ሩቅ ሩቁን አሁንም ደህና አድርጎ ያያል። ደቃቅ ጽሑፍ ሲመጣ ግን ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይራወጥበታል።

አንዲት ታናሽ እህት አለችው። ወላጆቻቸው ቀድመው ስላለፉ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ትምህርት ቤት በጀርባው አዝሎ ያደረሳት እሱ ነው። ዛሬ የልጆች እናት ሆናም "ሚጣ" ነው የሚላት፤ እሷም "ወንድም ጋሼ" ትለዋለች። ሚጣ የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ቤት ውስጥ ስትሠራ ኖራ ቤቱ ሲዘጋ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አልሆነላትም። መኪና ገዝታ የጎረቤቱን ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት እያደረሰች ከሰዓት ልትመልስ አሰበች። ወላጆቹም ደስ አላቸው። የቀረው መኪናዋ ብቻ ነበረች፤ ለዚያ ደግሞ ሊቅ ወንድም አላት።

ደላላው ያሳያቸው መኪና ፊቷ የሚያብረቀርቅ ነበር። ይቺ መኪና በአንድ ስም የምትጠራ፣ ግን ሁለት ዓይነት አጥንት ያላት ናት። ፋብሪካው አሮጌውን አካል መሥራት ሳያቆም አዲሱን ጀመረ፤ ስለዚህ በአንድ ዓመት ተሠርተው፣ ከኋላቸው አንድ ስም ተለጥፎባቸው፣ ከሥር ሲያዩዋቸው የማይተዋወቁ መኪኖች አሉ። የሚለያቸው ኮዳቸው ነው፤ ከሞተሩ ኋላ ግድግዳው ላይ በተመታች ትንሽ የብረት ሳህን ላይ ይገኛል። ሰዉ ከኮዱ ውስጥ ቁጥሩን ብቻ ወስዶ አሮጌዋን "አርባዋ"፣ አዲሷን "ሃምሳዋ" ይላቸዋል። ብልጣ ብልጥ ሻጭ ደግሞ ለአርባዋ የሃምሳዋን የፊት መብራት ይገጥምላታል። ፊቷን ያየ ሰው ምን ይጠረጥራል?

ሊቁ ዞራት፣ አንኳኳት፣ አዳመጣት፣ አሸተታት። ሁሉም ደህና ነበር።

"ሃምሳዋ ናት፤ ኮዱንም ይዩት ጋሼ፣ እኔ የምደብቀው የለኝም" አለ ደላላው፣ ኮፈኑን ከፍቶ ወደ ሳህኗ እየጠቆመ። ምናልባት እሱም የተነገረውን ይሆናል የደገመው፤ ደላላ መቼም የሚያነበው የገዢን ፊት ነው።

ሊቁ ጎንበስ አለ። በጣቱ አቧራውን ጠረገ። ፊደሎቹ ተራወጡበት። ራሱን ወደ ኋላ ሳበ፣ ወደ ፊት መለሰ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። መነጽሩ ደረቱ ላይ፣ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ደላላውም አጠገቡ ነበር፤ ወዲያ ማዶ መኪና የሚያጥቡ ሁለት ሰዎችም ሥራቸውን አቁመው የሊቁን ፍርድ ይጠብቁ ነበር።

"ሃምሳ ናት" አለ። "ግቡበት።"

ሚጣ ከጎኑ ጎንበስ ብላ ነበር። ቀና ስትል ዓይኗ ከዓይኑ ጋር ተጋጨ፤ ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ ይኼ በሬ ግን ገደሉ ላይ ጎንበስ ብሎ "ሜዳ ነው" ያለ ነው።

ለጥቂት ወራት ሁሉም አማረ። ሚጣ ልጆቹን እያደረሰች፣ እየመለሰች፣ ወንድሟን እየመረቀች ከረመች። ከዚያ የፊት ጎማው ማጉረምረም ጀመረ። መካኒኩ ፈታውና ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተፈረካክሶ በእጁ ላይ ፈሰሰ። ለናሙና የሚያዝ ነገር እንኳ አልተረፈም።

"አዲስ ይምጣ" አለ መካኒኩ።

"እኔው አመጣለሁ" አለ ሊቁ።

ሱቋ ከወለል እስከ ጣሪያ በካርቶን የተሞላች፣ ጎማና ግራሶ የምትሸት ጠባብ ክፍል ናት። ባለቤቲቱን ሾፌሮቹ "እትዬ ሻንሲ" ይሏታል፤ ከሰላምታ በፊት የሻንሲ ቁጥር ስለምትጠይቅ። ያን ቀንም የመኪናዋን ስም ሲነግራት እጇ ወደ መደርደሪያው አልሄደም።

"ኮዷስ ጋሼ?"

"ስሟን ነገርኩዎት'ኮ እትዬ።"

"ስም ለሰላምታ ነው። ዕቃ የሚገጥመው በኮድ ነው።" ሁለት ኩሽኔታ አውጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠች። "ይኼ የአርባዋ፣ ይኼ የሃምሳዋ። ዙሪያቸው አንድ ነው፤ የሃምሳዋ ወርዱ በጥፍር ያህል ይቀጥናል። ተሳስተው ቢወስዱት ይገባልዎታል፣ ክፋቱም እሱ ነው። ገብቶ ትንሽ ይላወሳል፣ ከዚያ ራሱን ይበላል። ባለመኪና ኮዱን ካላወቀ እኔ ብጠነቀቅ ዋጋ የለውም።"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" አለ ሊቁ። "ሃምሳ ናት። በዓይኔ አይቻታለሁ።"

እሷም የሃምሳውን ጠቅልላ ሰጠችው።

መካኒኩ ገጠመው፤ ገባለት። ሳይቆይ ግን ጎማው እንደገና ማጉረምረም ጀመረ፤ ያውም ከበፊቱ ባሰ። ሚጣ ልጆቹን መጫን አቆመች፤ ለወላጆቹም "ጋራዥ ገብታለች" አለች። ሊቁ ደሙ ፈላ። እህቱን ይዞ፣ ኩሽኔታውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሱቋ ድረስ ሄደ። ከሰላምታ ጋር "እርስዎ"ንም በር ላይ ትቶት ገባ።

"ፎርጅድ ነው የሸጥሽልኝ" አለ ደንበኛ ሁሉ እየሰማ። "ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። እኔን ታታልይ?"

ሴትዮዋ ኩሽኔታውን አገላብጣ አየች። "ጋሼ፣ ዕቃው ደህና ነበር። ኮዱን ግን በትክክል አይተውታል?"

"እኔ'ኮ የምሠራው በዓይኔ ነው!"

ሚጣ እጅጌውን ጎተተችው። "ተወው ወንድም ጋሼ፤ እንሂድ፣ እባክህ።"

ሴትዮዋ አንዴ ሚጣን፣ አንዴ እሱን አየች። ከዚያ ሌላ የሃምሳ ኩሽኔታ አውጥታ ያለ ምንም ክርክር በእጁ አስቀመጠችለት። ይህን እሱ እንደ ድል ቆጠረው። ወደ ቤት ሲመለሱ ሚጣ መንገዱን እያየች፣ "ኮዱን እንደገና ብናየው ግን ምን ይመስልሃል?" አለች።

"በእኔ ላይ?" አለ። ድምፁ ከፈለገው በላይ ወጣ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ያልተነበበ ሳህን ሆዱ ውስጥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነበር። "በዓይኔ ላይ መጣሽ ሚጣ?"

"ኧረ እኔስ ወንድም ጋሼ" አለች።

በሳምንቱ መኪናዋ ተስተካክላለች ተባለ። ሚጣ ልጆቹን ጭና ስትመለስ ጎማው ጭጭ ብሎ ነበር። ሊቁ ይህን ጊዜ ስምሪት ክፍሉ አልበቃውም። ግቢው ውስጥ መኪና የሚያጥቡት፣ ጥላ ሥር የተቀመጡት፣ ቁልፍ ሊወስዱ የሚመጡት ሾፌሮች ሁሉ ሰሙ።

"ለሞኝ ደንበኛ ፎርጅዱን፣ ለሚያውቅ ደግሞ ትክክለኛውን ነው የምታወጣው" አላቸው። "እኔን አታውቀኝም ነበር። ስጮህባት የደበቀችውን አወጣች። እዚያች ሱቅ እንዳትደርሱ።"

የሊቁ ቃል ነው፤ አልደረሱም። ለሌላም ነገሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ይቀር ነበር፣ ግቢው ውስጥ ያለ አንድ የድሮ ባልደረባው ያንኑ መኪና ሊገዛ ባያስብ። "ኮድ የሚባለው ነገር የቱ ጋ እንደሆነ በሚጣ መኪና ላይ አሳየኝ፤ ነገ ልምጣ" አለው። ሊቁ "በደስታ" አለ፤ ግን ጭንቅ ያዘው። እንደዚያን ቀን ሰው እያየው ጎንበስ ብሎ ጉሮሮ መጠራረግ አልፈለገም። ቀድሞ ሄዶ ጽሑፉን በቃሉ ሊይዝ ወሰነ። ለፈተና መልሱን አስቀድሞ እንደሚያጠና ተማሪ መሆኑ ነው፤ በዚህ ዕድሜው!

ጠዋት ከሥራ በፊት እህቱ ግቢ ገባ። መኪናዋ ግንቡ ሥር ቆማለች፤ ሚጣ ቤት ውስጥ ናት። ኮፈኑን ከፈተ። ግራ ቀኙን አየና መነጽሩን ከጨርቁ አውጥቶ አደረገው። ጉንዳኖቹ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። እያንዳንዱ ፊደል፣ እያንዳንዱ ቁጥር ተራ በተራ ቆመ።

አርባ ይላል።

ሳህኗን በእጅጌው ጠርጎ እንደገና አየ። አርባ ነው። አቧራ አልነበረም፣ ዝገት አልነበረም፣ ማንም ፊደል የቆጠረ ልጅ የሚያነበው አርባ ነው። ጆሮው ጋለ። የመጀመሪያው ሐሳቡ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለ እህቱ አልነበረም፤ ከሥራ በኋላ ስለሚመጣው ባልደረባው ነበር፤ ምን ብዬ አመልጣለሁ ነው ያለው። ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ መጣበት። ሁለቱም ኩሽኔታዎች የሃምሳ ነበሩ። ታዲያ ይቺ መኪና በምን ጸጥ አለች?

"ያምርብሃል" አለች ሚጣ ከኋላው።

ባልዲ ይዛ ቆማለች፤ መኪናዋን ልታጥብ ነው። ሊቁ መነጽሩን ሊነጥቅ እጁን አነሳ፤ ግን አይታዋለች፤ አሁን ምን ይደብቃል።

"አርባ ናት፣ ሚጣ።"

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ባልዲውን አስቀመጠች። "ከዚያን ቀን ጀምሮ። አጠገብህ ጎንበስ ብዬ አልነበር? እኔም አነበብኩት። አንተ ሃምሳ ስትል ግራ ገባኝ። ደላላው ቆሞ፣ እነዚያ ሰዎች ቆመው፣ 'አይደለም ወንድም ጋሼ' ብዬ ላዋርድህ? ደግሞ ቁጥር ምን ያደርጋል፣ መኪናዋን ደህና ናት ካልካት ደህና ናት ብዬ ነው። ልጫወትብህ አልነበረም።"

"ኩሽኔታውስ?"

"ሁለተኛው ሲያጉረመርም ብቻዬን ሄድኩ። አርባ ናት አልኳት። ወዲያው ትክክለኛውን ሰጠችኝ።" ሚጣ ዓይኗን ወደ ባልዲው አወረደች። "ስለ ጩኸቱም ይቅርታ ጠየቅኳት። ለማንም እንዳትነግር ለመንኳት። 'ወንድሜ ነው፣ ያሳደገኝ ነው፣ ሰው ፊት አንገቱን እንዳያስደፉብኝ' አልኳት። እሺ አለችኝ፤ ቃሏን ጠብቃለች።"

ሊቁ ኮፈኑን ይዞ ቆመ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው፤ መሬት ግን በተፈለገች ጊዜ ተከፍታ አታውቅም። እሱ ግቢውን ሙሉ ስሟን ሲያጠፋ ያቺ ሴት አንድ ቃል ብትናገር ስሟ ይመለስ ነበር። አልተናገረችም። ያልተናገረችውም ለእሱ ክብር ነው። በጀርባው ያዘላት ልጅ ደግሞ ይኸው አሁን እሱን አዝላዋለች፤ ክብደቱንም ለሰው ሳትነግር።

"ሱቋ እንዴት ነው?" አለ በመጨረሻ።

ሚጣ ጨርቋን ውኃ ውስጥ ነክራ መስተዋቱን ማጠብ ጀመረች።

ወደ ሥራ ሲሄድ በሱቋ በር አለፈ። በፊት በዚያ ሰዓት ሾፌሮች በር ላይ ይጋፉ ነበር፤ አሁን ባለቤቲቱ ብቻዋን ካርቶኖቿን አቧራ እያራገፈች ነበር። አየችውና "እንደምን አደሩ ጋሼ" አለችው፣ ምንም እንዳላደረጋት። እሱም ሊገባ አንድ እግሩን አነሳ። ግን ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣትና አለፈ። ከድፍረቱ ሁሉ የተረፈው ያቺ መነቅነቅ ነበረች። ሱቅ ውስጥ ሲጮህ ግን ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣ እንጃ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሰው ሲሳደብ የኖረ ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ ሲሆን ዓይን አፋር ይሆናል።

ጠዋቱን ሙሉ ተሰቃየ። አንድ ሐሳብ "ዝም በል፤ እህትህ እንደሸፈነችህ ተሸፍነህ ኑር" ይለዋል። ለሚጣም የሚሻላት ያ ነው እያለ ራሱን ያባብላል። ከዚያ ያቺ ብቻዋን አቧራ የምታራግፍ ሴት ትመጣበታለች። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ካፉ ያወጣው ቃል ነው ሱቋን ባዶ ያደረገው፤ ይህን መልሶ ሊውጥ የሚችል ሌላ ሰው የለም።

ለምሳ ሲሰበሰቡ ባልደረባው "በል፣ ከሥራ በኋላ ኮዱን ልታሳየኝ ነዋ" አለው ከጥላው ሥር። ሌሎቹም ጆሯቸውን ሰጡ።

ሊቁ ከወንበሩ ተነሳ። ከኮቱ የውስጥ ኪስ ጨርቁን አወጣ፣ መነጽሩን ፈታ፣ አደረገው። የመነጽሩ አንደኛው እግር ጆሮው ላይ አልያዝ ብሎት ሲታገል ሁሉም ጠበቁት።

"የሚጣ መኪና አርባ ናት" አለ። "ሃምሳ ናት ብዬ ያስገዛኋት እኔ ነኝ። ኮዱን አላነበብኩትም፤ ያለዚህ ማንበብ አልችልም። ይኼን ሰው ፊት ማድረግ አፍሬ ገምቼ ነው የተናገርኩት። መሪም የለቀቅኩት አድጌ አይደለም።"

እሱም ሳቃቸውን ጠበቀ። ሳቅ ግን አልመጣም።

"መነጽሩን'ኮ እናውቃለን" አለ ባልደረባው፣ በሐዘኔታ። "አንድ ቀን ኮትህን ስትሰቅል ወደቀ፤ አንስቼ ኪስህ የመለስኩልህ እኔ ነኝ። የስምሪት ወረቀቱን ክንድህ እስኪያጥርህ አርቀህ ስትይዝስ አናይም? አንተ ካልፈለግህ ብለን ነው ዝም ያልነው።"

ሊቁ የወንበሩን ጀርባ ያዘ። ይኼን ሁሉ ዘመን የተሸሸገው ለካ ከራሱ ብቻ ነበር።

"ሌላም አለ" አለ። "ሴትዮዋ። ዕቃዋ ፎርጅድ አልነበረም። እኔ ነኝ የሃምሳ ዕቃ ያዘዝኳት። ኋላም ያስተካከለችው እሷው ናት። ያወራሁት ሁሉ ውሸት ነው።"

ይህን ጊዜ ከጥግ ተቀምጦ የነበረ ወጣት ሾፌር ቀና አለ። ለሊቁ ትልቅ አክብሮት ያለው፣ ሊቁ ያላመሰገነውን ጎማ እንኳ የማይገዛ ሰው ነው።

"ይኼን ግን አናውቅም ነበር፣ ጋሼ" አለ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። "ሥራ ስጀምር መኪናዬ መንገድ ላይ ስትቆም ዕቃ በዱቤ የሰጠችኝ እሷ ናት። ባለፈው በሯ ላይ ሳልፍ 'ልጄ፣ ምነው ጠፋህ?' አለችኝ። አልመለስኩላትም። ምራቄን ተፍቼ አለፍኩ። በእርስዎ ቃል ነው።"

ሊቁ ለዓይኑ ያዘጋጀው ይቅርታ ሁሉ ለዚህ አይሆንም ነበር።

ወጣቱ ተነስቶ ወደ ውጭው በር መራመድ ጀመረ።

"ወዴት ነው? ስምሪት አልሰጠሁህም'ኮ" አለ ሊቁ።

"ሰላምታዋን ልመልስላት።"

ሊቁ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ተከተለው። ግቢውን አልፈው መንገዱን ሲሻገሩ፣ የሚያውቁት ሁሉ ዞር እያሉ አዩት፤ መነጽሩን ማውለቁን ረስቶት ነበር።